የክቡር ትሪቡን ሰው

ሰውየው በስታዲየሙ ክቡር ትሪቡን፣ ትራስ ባለው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ከሜዳው ማዶ ያለውን ሚስማር ተራ ያያል። እዚያ ጣራ የሚባል የለም፤ ሕዝቡ የጋለ ሲሚንቶ ላይ ተደርድሮ፣ ካርቶን አናቱ ላይ ደፍቶ፣ ጨዋታው ገና ሳይጀመር ይጨፍራል።

«አያፍሩም እኮ!» አለ አጠገቡ ለተቀመጡት አዛውንት። «ፀሐይ እንደ ቆሎ እየቆላቸው ይዘፍናሉ። የሚስቴ ወንድም እዚያ ነው የሚውለው። ዛሬም ደውሎ ‹ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ› አለኝ። እኔን! ሰው ደረጃውን ካላወቀ ምን ይደረጋል?»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። እሱ ግን ገና አልወጣለትም። ጥላ ፎቅ ያሉትንም ናቃቸው፤ ጣራ ቢኖራቸውም ትራስ የላቸውማ። ካታንጋ በሚባለው ርካሽ መቀመጫ ያሉትንማ ስማቸውን መጥራትም ተጠየፈ።

ቡድኖቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወፍራም ሰው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ሰውየው ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ ወንበሩን በመሐረቡ ጠረገና እጅ ነሳ።

«ወንበርዎን ማንንም አላስነካሁም፣ ጌታዬ።»

ጌታው ቀና ብሎም አላየው። «መኪናዋን ፀሐይ ላይ ነው እንዴ ያቆምካት? ሂድና ጥላ ፈልግላት። ከአጠገቧም እንዳትርቅ።»

ጥላ የተገኘው ከሚስማር ተራ ግንብ ሥር ነበር፤ እሱም ለመኪናዋ እንጂ ለሰው አልተረፈም። ጥቂት ቆይቶ ከግንቡ በላይ ጩኸቱ ሰማይ ሲሰነጥቅ፣ ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

«ወንድሞቼ!» ብሎ ተጣራ። «ማነው ያገባው?»