የጦጣው ግራ እጅ

ኦሊንዳ ከተማ ውስጥ፣ ከቀብር መልስ፣ ሁለት ጎረቤቶች ሟቹ በእጁ ያንቀሳቅሰው ስለነበረው አሻንጉሊት ጦጣ ፊልሞች ይከራከሩ ነበር። ሚስቱ ዡሬማ ጦጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

«ሁለተኛውን ፊልም በከንቱ ነው የምትክቡት» አለ ቫልደሲ። «የተበደለው አራተኛው ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በአራተኛው ላይ የጦጣውን ግራ እጅ አላየህም? ቀኙ ሊያጨበጭብ ሲነሳ ግራው ገና ከእንቅልፉ ይባንናል» አለ ኤዴኒልሰን፤ ሁለቱም ሳቁ።

አራተኛው ፊልም በተቀረጸበት ዓመት የባሏ ግራ ጎን ሽባ ሆኖ ነበር። ዡሬማ ከጀርባው ተለጥፋ፣ ክንዷን በብብቱ ስር አሾልካ፣ የጦጣውን ግራ እጅ ታንቀሳቅስለት ነበር። «በሕይወት እያለሁ ማንም እንዳይሰማ» ብሏት፣ ለማንም ተንፍሳ አታውቅም።

«ግራ እጁ እኔ ነበርኩ» አለች። «ካሜራው እየቀረጸ በሹክሹክታ ይቀልድብኝ ነበር። ስስቅ ነው የምዘገየው።»