የካፒቴኑ ክንፎች የት ገቡ?

አንዳችሁም ብታምኑኝ ከምላሴ ላይ ፀጉር ንቀሉ... ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት!

«ሌባ! ከአንቺ ሌላ እዚህ ክፍል ማን ገባ?!»

ጩኸቱ የሆቴሉን አራተኛ ፎቅ አናወጠው።

የሚጮኸው እናቱን ይዞ ውጭ ሀገር ለእረፍት የመጣ የሰላሳ ዓመት ሰውዬ ነው። ድሮን ከገዛ ወዲህ ቤተሰቡ «ካፒቴን» ይለዋል... ለማሾፍ ነው፤ እሱ ግን የምሩን ነው የያዘው!

የሚጮህባት ደግሞ አልጋ ልታነጥፍ የገባች የጽዳት ሠራተኛ። አንሶላ እንዳቀፈች ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

የሚጮኸው በራሱ ቋንቋ ነው፤ እሷ አታውቀውም... ግን ጣት ተቀስሮብሽ ሲጮህብሽ አስተርጓሚ ያስፈልግሻል?

የጠፉት የድሮኑ አራት ክንፎች ናቸው። ድሮኑ ጠረጴዛ ላይ የተነጨ ዶሮ መስሎ ተቀምጧል።

እማዬ ከቁርስ ስትመለስ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ክንፎቹን ሰርቃብኛለች እማዬ! ሥራ አስኪያጁን አስጠርቻለሁ። ዛሬውኑ ትባረራለች!»

የእማዬ ደም ፈላ።

ለምን እንደፈላ እንዲገባችሁ ትናንት ከሰዓት የሆነውን ልንገራችሁ...

ካፒቴን ከእማዬ ጋር ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ድሮኑን ሊያስነሳ ሲሰናዳ አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ከላያቸው አለፈ። በጣም ዝቅ ከማለቱ መስኮቶቹ ይቆጠራሉ።

«ልጄ፣ እዚህ አይሆንም። አውሮፕላን ማረፊያው አፍንጫችን ስር ነው። ሰው ሀገር ነን... መጀመሪያ ህጉን ጠይቅ።»

«ኧረ እማዬ፣ መጫወቻ እኮ ነው!»

«መጫወቻም ቢሆን...»

ሳቀባት። ቀጥሎ ያወጣትን ቃል ስሙልኝ...

«አንቺ ስለ መጥረጊያ እንጂ ስለ አውሮፕላን ምን ታውቂያለሽ?»

ምን ታውቃለች?!

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ፣ መጥረጊያ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ስታስስ የኖረች ሴት ናት። የወደቀ ብሎን፣ ጠጠር፣ የሽቦ ቁራጭ ትለቅማለች። ሞተር ውስጥ የገባች አንዲት ብሎን ምን እንደምትሠራ ታውቃለች።

እሱንም ያስተማረችው በዚያችው መጥረጊያ ነው!

እሱ «ዛሬ ንፋስ አለ፣ ነገ ጠዋት አበርረዋለሁ» ብሎ ወረደ።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ እንመለስ...

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያስተካከለ ገባ። ካፒቴንን ሰማ። ሠራተኛዋን ግን አንዲት ቃል አልጠየቃትም። የክፍል መክፈቻ ካርዷን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ።

ካርዱን ከአንገቷ ልታወልቅ ገመዱን ያዘች።

«ቆይ!» አለች እማዬ።

የእጅ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

መነጽር... የደም ግፊት መድኃኒት... መሀረብ...

አራት ጥቁር ክንፎች።



«ሌባዋ እኔ ነኝ። በል ፖሊስ ጥራ!»

«እማዬ... ቀልድሽን ነው?»

«አዎ ቀልድ ነበር! ስትፈልግ ትውልና ስትለምነኝ 'ህጉን አንብብና እሰጥሃለሁ' ልልህ ነበር። ሳታጣራ የሰው ስም ታጠፋለህ ብዬ መች አሰብኩ?»

«ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ነገርኩህ! ሳቅክብኝ! ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታያችሁ መጥረጊያ የያዘችው ናት አይደል? እኔም እኮ ይዤ ነበር! የሰው ቀለበት በጠፋ ቁጥር የኔ ኪስ ስንቴ ተፈትሿል! አንተ ደሞ ያንን ኪስ በልተህ አድገህ...»

ካፒቴን አንገቱን ደፋ።

ያኔ ነው ከክንፎቹ ጋር የወደቀች የታጠፈች ወረቀት ያየው። እረፍት በመጡበት ሀገር ቋንቋ ተጽፋለች። እሱ ማንበብ ይችላል።

«ይህ ሰፈር በሙሉ ለድሮን ክልክል ነው። ባለፈው ወር የአንድ እንግዳ ድሮን ተወርሷል። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ተመዝገብ፤ አጭር ፈተና አለው። የሚሰጡህን ቁጥር ድሮኑ ላይ ለጥፍ። ከዚያ 14 ቁጥር አውቶቡስ ያዝና መጨረሻው ላይ ውረድ፤ እዚያ ያለው ሜዳ የተፈቀደ ነው። ወንድሜም እዚያ ያበርራል። መልካም በረራ ካፒቴን!»

«ማነው ይሄን የጻፈልኝ?»

እማዬ በአገጯ ጠቆመችው።

ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈችው...

ትናንት እማዬ በስልክ አስተርጓሚ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ ሥራዋን ጨርሳ ልብሷን ከቀየረች በኋላ ቁጭ ብላ ነበር የጻፈችለት። «ካፒቴን» የሚለውን እማዬ ስትነግራት በሳቅ ፈርሳ ነበር አሉ።

ካፒቴን ይቅርታ ሊጠይቅ እጁን ሲዘረጋላት ልጅቷ እጇን ሰበሰበች። የእማዬን ስልክ ተቀብላ የሆነ ነገር አወራችበት። ስልኩ በዚያ ደረቅ ድምፁ ተረጎመው...

«ይቅርታህን ጻፈው። ለሥራ አስኪያጁ ስጠው። ሌባ የሚለው ቃል ከስሜ ጋር እንዳይቀር።»

ጻፈ። እማዬ በስልኩ አስተርጉማ አነበበችውና ቀደደችው።

«'ተሳስቼ ከሆነ' ነው የምትለው? 'ተሳስቻለሁ' በል!»

እንደገና ጻፈ። ፈረመ። ካርዱም አንገቷ ላይ ቀረ።

ካፒቴን የምዝገባውን ፈተና መጀመሪያ ወደቀ (ደስ አይልም?!)። በሁለተኛው አለፈ፤ እማዬም ክንፎቹን መለሰችለት። ቁጥሩን ለጥፎ በ14 ቁጥር አውቶቡስ ሄደ። ሜዳው ላይ እማዬ ከጎኑ ቆማ ሰማይ ሰማዩን ታያለች...

«ዝቅ አድርገው! ከዓይንህ አታርቀው አልተባልክም?»

«እሺ እማዬ...»

ወደ ሀገራቸው እስኪመለሱ ድረስ የሆቴል ክፍላቸውን አልጋ ያነጠፈውም እሱው ነው።

ትምህርቱ... ሰው ሀገር ሄዳችሁ ድሮን ከማስነሳታችሁ በፊት ህጉን አንብቡ። ዕቃ ሲጠፋባችሁ ደግሞ ጣታችሁ መጀመሪያ ወደ ማን እንደሚሄድ እዩት... ከዛ ጣቱን እጠፉት!

እናንተ እማዬን ብትሆኑ ክንፎቹን ትመልሱለት ነበር? እኔ ሦስቱን ብቻ! መልሳችሁን ከታች ጻፉልኝ...

ድሮን ላለው ላኩለት። ድሮን ባይኖረውም፣ ከናንተ ቤት «ካፒቴን» አይጠፋምና ለሱም ላኩለት።