የሚጥሚጣ ጠብ

ከፍቺው በኋላ ቤቱ በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ወዲህ እሷ፣ ወዲያ እሱ። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ዓይኑን እንዳላይ ብላ በሯን እንኳ በጓሮ በኩል አስወጥታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሙቀጫዋን ከኮምፔርሳቶው ሥር አስጠግታ ሚጥሚጣ ትወቅጣለች።

"አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን በንጥሻ ልትገድዪው ነው እንዴ?" አሏት ጎረቤቷ እትዬ አስካለች፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

"ልቡ አልቃጠል ካለ አፍንጫው ይቃጠላ!"

"ወይ ክፋት!" ብለው እያማተቡ ወጡ።

ተከትላ በሩን ዘጋች። ከወዲያ በኩል አስነጠሰው፤ ደገመው። ዘነዘናዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ከንፈሯን ኮምፔርሳቶው ላይ ለጥፋ፣ እሱ እንዳይሰማት በሹክሹክታ፣

"ይማርህ፣ የኔ ዓለም" አለች።

ከዚያ ሙቀጫው ውስጥ ሌላ እፍኝ ጨመረች።