ከብርሃኑ በተቃራኒ

«አሁንም ወደ ብርሃኑ አየሁ አይደል?» ትላለች እናት፣ አገጯን ከዓይን መፈተሻው ማስደገፊያ ሳታነሳ።

ልጅ ቀጣዩን ነጥብ ትለቃለች። ጥናቱ የራሷ ነው፤ በፈተና መሃል ለማንም ፍንጭ አይሰጥም፣ ለወለደች እናትም ቢሆን።

ፈተናው ለወሬ ቀላል ነው። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጥብ በግራ ብልጭ ሲል ወደ ቀኝ ማየት፣ በቀኝ ሲል ወደ ግራ። ዓይን ግን ሳይጠሩት ወደ ብርሃን ይሮጣል። ልጓሙን የሚይዘው ከግንባር ጀርባ ያለው አንጎል ነው፤ እናት ደግሞ ከሁለት ወር በፊት እዚያው አካባቢ አንዲት ቀጭን የደም ሥር ተዘግታባት ነበር።

ሠላሳ ዓመት የበየደች ሴት ናት። ጋራዡ ውስጥ «እትዬ ብረት» ነው የሚሏት። አሁን እሷው ያሠለጠነቻቸው ልጆች፣ ሐኪም ካልፈቀደ መበየጃውን አናስነካሽም ብለዋታል። ሐኪሙም የዛሬውን ውጤት ካላየሁ ብሏል።

ከአሥሩ ስድስቱን ስታለች።

«ቆይ እስቲ፣ አንዴ አቁሚው» ትላለች እናት። እግሮቿን ከፈት አድርጋ ትተክላለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ይጨበጣል፣ እጀታ እንደያዘ ሰው። «በይ ቀጥይ።»

ነጥቡ በግራ ብልጭ ይላል። ዓይኗ ቀኝ ነው። በቀኝ፤ ዓይኗ ግራ ነው። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ። አንዴ ስታ «ውይ!» ብላ ራሷው ትመልሰዋለች።

ከኋላ ሆነው ሲያዩ የቆዩት የልጅ ጥናት አማካሪ ፕሮፌሰር ከወንበራቸው ተነስተው መጥተዋል። «ወጣቶቹ ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አልሠሩትም። እናቴ፣ የት ተማሩት?»

«ብየዳ ቤት ነዋ! ጀማሪ እያለሁ ሰው ሲበይድ እሳቱን አፍጥጬ አይቼ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መስሎኝ ሳለቅስ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ እሳት በግራዬ ከጮኸ እኔ ቀኝ ነኝ።»

«ለሐኪሙ ደብዳቤውን ዛሬውኑ እጽፋለሁ» ይላሉ እየሳቁ።

«እናቴ እኮ ናት» ትላቸዋለች ልጅ፣ እንደሚያውቁ እያወቀች።

በፈተናው ሁሉ ደፍታው የቆየችውን ሽቦ የበዛበት ቆብ አውልቃላት፣ ከአንጎሏ የተቀዳውን መስመር ስክሪኑ ላይ ታሳያታለች።

«ይሄ ያበጠው ምንድን ነው?»

«ብርሃኑ ገና ሳይመጣ ነው እማዬ። አንጎልሽ ዓይንሽን ቀድሞ ሲይዘው።»

«ሳይመጣ? ይሄንን አንቺ ነሽ ያወጣሽው?»

«እኔ ነኝ።»

እናት ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን መስመሩ ላይ ታሳርፋለች። ሌላ ሰው የበየደውን ብረት ጥሩ ነው ብላ ከማሳለፏ በፊት እንደምትፈትሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ አድርጋ ታስኬደዋለች።

ጣቷ መጨረሻው ላይ ይቆማል።

«አልጎረበጠኝም» ትላለች።