«ሱልጣን በላ?»

«ሱልጣን በላ?»

«አልበላም፣ ማዳም።»

«ዛሬም?!»

«ዛሬም...»

ማዳም ሰሃር ከነፒጃማዋ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ኩሽናው ወለል ላይ ተንበረከከች። የውሻውን አንገት አቅፋ ግንባሩን ሳመችው።

«ሀቢቢ... ምን ሆንክብኝ?»

እማዋይሽ ሰሃን እያጠበች በጎን አየቻቸው። ደረቷን አንድ ነገር እንደ ቃር አቃጠላት።

ቅናት ነው... ሰው በውሻ ይቀናል? እሷ ቀናች። ምን ይደረግ!

አትፍረዱባት... ታሪኩን ስሙና ፍረዱ።

እማዋይሽን ማዳም ሰሃር ሩማይሲያ በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ያስመጣቻት መክተብ፣ ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ ሄዳ ፎቶዋን አይታ ነው። ሱልጣንንም ከውሾች መጠለያ ያመጣችው ፎቶውን አይታ ነው። የድሮ ጌቶቹ በረሃ ላይ የጣሉት፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሽማግሌ ውሻ ነው።

ሁለቱም በፎቶ ተመርጠው አንድ ቤት ገቡ።

ግን እሱ መኪና ውስጥ ከፊት ይቀመጣል... እሷ ከኋላ።

እሱን ትንሽ ካሳለው ክሊኒክ ነው። እሷ ጥርሷ ሲጠዘጥዛት አድሮ ጉንጯ አብጦ ስትነሳ ግን «ፓናዶል ውሰጂ» ተባለች።

ደግሞ እኮ የምታበላውም፣ የኢንሱሊን መርፌውን የምትወጋውም እሷው ናት! መርፌው ደግሞ ሳይበላ አይወጋም። ስለዚህ ማዳም በየማለዳው የምትጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሱልጣን በላ?»

አንድ ቀን እንኳ «አንቺስ?» ብላት አታውቅም።

ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ሱልጣን ባሰበት። አንዳንድ ቀን ይበላል... አብዛኛውን ቀን ግን ሳህኑን አሽትቶ ይተኛል። ማታም በልመና ነው የሚቀምሰው። ካልበላ መርፌ የለም፤ ያለ መርፌ ደግሞ ስኳሩ ይጨምራል። ጎኑ ገባ፣ ዓይኑ ፈዘዘ።

የእንስሳት ሐኪሙ ለማዳም ቁርጡን ነገራት።

«በዚህ ሁኔታ ማቆየት ማሰቃየት ነው። ሐሙስ ጠዋት አምጪው። መብላት ካቆመ... በመርፌ እናሳርፈዋለን።»

ማዳም ስታለቅስ ዋለች። እማዋይሽ ደግሞ ስልኳን አንስታ ጀህራ የምትሠራው የወሎዋ ጓደኛዋ ነፊሳ ጋ ደወለች።

«ለሰው ያልወጣ እንባ ለውሻ ሲወርድ አየሁ፣ ነፊሳ!»

«ወላሂ እህቴ፣ እኛም ውሻ ሆነን ብንመጣ ይሻለን ነበር» ብላ ሳቀች ነፊሳ። «ሐሙስ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ምን ልትይ ነው?»

«ጭራሽ አይበላም እላለሁ። ይገላግለኝ!»

ነፊሳ ሳቋን አቆመች።

«እማዋይሽ... እንዲህ ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም» አለች።

ሐሙስ ደረሰ።

ሱልጣን ክሊኒኩ ወለል ላይ ተዘርግቷል። አፍንጫው ሥር ምግብ ቢያስቀምጡለትም ዞር ብሎ አላየውም። ሐኪሙ ወደ እማዋይሽ ዞረ።

«የምታበይው አንቺ ነሽ አሉ። አንዳንድ ቀን ይበላል ተብያለሁ... እውነት ነው?»

«የለም፣ አሁንስ ትቷል» ልትል አፏን ከፈተች።

ሱልጣን ቀና ብሎ አያት። ማዳም አጠገቡ ተቀምጣ እያለቀሰች... እሱ የሚያየው እማዋይሽን ነው።

ውሸቱ አልወጣ አላት።

«ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይበላል» አለች።

«በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ምን የተለየ ነገር አለ?»

«ምንም... ማለቴ...» ድንገት ገባት። «እኔ ቁርስ እበላለሁ።»

ነገሩ ይህ ነው... እማዋይሽ ጾም ከመግባቱ በፊት በየማለዳው ኩሽና በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦዋን ስትበላ ሱልጣንም እግሯ ሥር ይበላ ነበር። አሁን ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አትቀምስም። ከዚያም ኩሽና ከሚበስለው ሥጋ ሽታ ለመራቅ ምስሯን ይዛ ፎቅ ላይ ክፍሏ ትበላለች። እሱ ፎቅ መውጣት አይፈቀድለትም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው ጠዋት ኩሽና ቁጭ ብላ የምትበላው።

«እኔም እኮ አጠገቡ እቀመጣለሁ!» አለች ማዳም። ፊቷ ተለዋወጠ።

እማዋይሽ ያንን ፊት ወዲያው አወቀችው... ቅናት ነበር።

ሐኪሙ ከራሱ ቁርስ ላይ ዳቦ ቆርሶ ለእማዋይሽ ዘረጋላት።

«እስቲ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

ሐሙስ ነው... ጠዋት ነው... ጾም ነው።

አማተበች። «አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ» አለችና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዳቦውን ገመጠች።

ሱልጣን ጆሮውን አቆመ... በሚንቀጠቀጥ እግሩ ተነሳ... ሳህኑ ላይ አቀረቀረና መብላት ጀመረ።

ማዳም አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ወደ እማዋይሽ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ቁርስ የማትበይው?»

«ጾም ከገባ ጀምሮ።»

«እኔ እኮ አላየሁም...»

«እሱ አይቷል፣ ማዳም» አለች እማዋይሽ፣ እንባዋ ዳቦው ላይ እየወረደ።

ሕክምናው ቀጠለ። የንስሐ አባቷ በስልክ ስትናዘዝ ሰምተው ሳቁና «እግዜር ይፍታሽ» አሏት። አሁን በየማለዳው በርጩማዋን ስባ ባዶ ሳህን ትይዛለች፣ የምትበላ ትመስላለች። ሱልጣንም አምኗት ይበላል።

ከደረጃው ላይ ያው ድምፅ ይመጣል። «ሱልጣን በላ?»

«በላ፣ ማዳም!»

«አንቺስ... ምስርሽ አለልሽ?»

ወዳጆቼ... ቅናት ክፉ ነው፤ ሌላው የተሰጠውን ያሳየንና ለእኛ የተሰጠንን ይጋርድብናል። «ማንም አያየኝም» ብለን ስናማርር፣ ያለ እኛ እህል የማይዋጥለት አጠገባችን ተኝቶ ይሆናል።

እናንተስ? እናንተ ካልበላችሁ የማይበላው ማን ነው? ስሙን ከታች ጻፉልኝ... ዛሬ መብላቱንስ ጠይቃችሁታል?