የአያ ካሳው ዋስትና

«ሥራሽ ምንድን ነው ያልሽው?» ይለኛል የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ፈንታሁን፣ እንዳልሰማ ሆኖ።

«ኬንያ፣ ሞምባሳ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ አልጋ አንጣፊ እቀጥራለሁ።»

«ሰው ትመለምያለሽ በይኛ።»

«ለአልጋ አንጣፊነት ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

አይስቅም። እኔም ላስቀው ብዬ አይደለም፤ ዘንድሮ ደብረ ታቦር ውስጥ ለወንበዴ ሰው በመመልመል መጠርጠር ራስ ያስበላል። ከዚያ ሞቃት አገር የመጣሁት እናቴን ልቀብር ነበር፤ ቀበርሁ። አሁን ለመውጫ ቪዛ የቀበሌ ድጋፍ ያስፈልገኛል፤ ለድጋፉ ደግሞ ዋስ። ካልተመለስሁ በእኔ ፈንታ የሚታሰር ሰው ማለት ነው። ያለ ዋስ ሥራዬም፣ እዚያ ያቆምሁት ኑሮም ቀረ።

«በሬ በቀንዱ፣ ሰው በቃሉ ነው የሚታሰር» ይላል ጓድ ፈንታሁን። «ቃልሽን ማን ይይዝልናል?»

«እኔ አለሁ!»

አጎቴ አያ ካሳው ናቸው፣ የእናቴ ወንድም። ከጉና ግርጌ በእግራቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ አልነገርኋቸውም፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ።

«አያ ካሳው፣ እባክዎ ይቅርብዎ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ይችን ልጅ ያምኗታል?» ይላል ሊቀ መንበሩ። «ብትቀር ወህኒ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት።»

«የእኅቴ ልጅ አይደለችም እንዴ? ምን ትጠይቀኛለህ!»

ጓድ ፈንታሁን የጣት አሻራ ቀለሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ማኅተም ሊያመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። አያ ካሳው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ይላሉ። ገብስ ገብስ ይሸታሉ።

«እንዳትመለሺ» ይሉኛል። «ሰማሽ? ይኸ ዘመን ልጅ በልቶ አይጠግብም። እኔን ሽማግሌውን ምን ያደርገኛል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ልመለስ አላሰብሁም ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ። ለአንድ አፍታ ደስ ይለኛል፣ በጣም ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ራሴን እጠላለሁ። ቀጥዬም በእሳቸው እናደዳለሁ፤ ማን ኑ አላቸው? እኔ ዘንድ አስተናጋጅ ቢጠፋ በማግስቱ ሌላ እቀጥራለሁ። ለጠፋው ማንም አይታሰርለትም። ስሙን እንኳ እረሳዋለሁ።

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ይዞ ይመለሳል።

«በሉ፣ ጣትዎን ይንከሩ።»

አያ ካሳው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ይጫናሉ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም።

«ጓዲት ሙሉሐብት፣» ይላል ጓድ ፈንታሁን፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል፣ «ዋስሽ እኒህ ናቸው?»

አያ ካሳው በዓይናቸው «በይ እንጂ» ይሉኛል።

«አይደሉም» እላለሁ። «ዋስ የለኝም።»

ሊቀ መንበሩ ትከሻውን ነቅንቆ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ይከታል። አያ ካሳው ወደ እኔ አያዩም። ቀለም የነካውን አውራ ጣታቸውን ከጋቢያቸው አርቀው እንደያዙ ቆመዋል፤ የት እንደሚያሳርፉት ጠፍቷቸዋል።