ሁልጊዜ ቀድማ የምትወጣው ሻንጣ

«በረራዎን በየትኛው ካርድዎ ላይ ላስመዝግብልዎ?» አለችው ቲኬት ሻጯ።

ሰውየው እጁን ተመለከተ...

ከባድ ጥያቄ ነው። ቀላል የሚመስለው በርሮ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

እጁ ላይ የሁለት አየር መንገዶች የአባልነት ካርዶች አሉ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አዲስ፣ ገና ምንም ያልገባበት።

ሌላው ብርማ ነው... ጠርዙ እስኪላጥ ያገለገለ። በበረረ ቁጥር ማይል የሚሉት የበረራ ነጥብ ሲጠራቀምበት ኖሮ፣ ወደ ወርቅ ደረጃ ለማደግ የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ነው።

ጠዋት እህቱ ደውላለት ነበር። አባባ በጣም ደክሟል፣ የሐኪሞቹም ፊት ደስ አይልም፣ ስምህን እየጠራ ነው፣ ዛሬውኑ ተነስተህ ና ብላዋለች።

ዛሬ የሚነሳ አውሮፕላን አለ። ማይሉ የሚገባው ግን ሰማያዊው ካርድ ላይ ነው።

«ብርማው ላይ አይገባም?» ሲል ጠየቀ።

«አይገባም ጌታዬ። ኩባንያዎቹ አይነጋገሩም።»

ብርማው ላይ የሚገባው መቼ እንደሚነሳ ጠየቃት። ከነገ ወዲያ ነው አለችው። ወርቅ ሲሆኑ ደግሞ ሻንጣዎ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል ብላ ጨመረችለት። የእኔማ ድሮም ቀድማ ነው የምትወጣው አለና ሳቀ።

ልብ በሉ ወዳጆቼ... ይሄ ሰው ጨካኝ አይደለም። ወንበር ስቦ ቁጭ ብሎ አሰበበት። ክፉ ልጅ እንዲህ አይጨነቅም።

ደግሞም ለብርማው ካርድ አየር መንገድ ውለታ አለበት።

ወላጆቹን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር፣ ያ ሻንጣ ተሸክሞ የሚዞረው ጥቁር ጎማ መንቀሳቀስ ሲጀምር መጀመሪያ ብቅ የምትለው የእሱ ቡናማ ሻንጣ ናት። ሌላው መንገደኛ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ፣ እሱ ሻንጣውን እየጎተተ ውልቅ ይላል።

አባቱ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝና አውራጅ ነበር። በቅርቡ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ የዚያኑ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው።

ልጁ በመጣ ቁጥር ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጃኬት ደርቦ፣ መውጫው በር ላይ ይጠብቀዋል። ሁልጊዜ ትንሽ ያለከልካል። ዕድሜ ነው፣ ይላል ልጁ በልቡ።

«አባባ፣ ዛሬም ቀድማ ወጣች። እነዚህ ሰዎች እኮ ያውቁኛል።»

«ታዲያስ አለቃ፣ እንዴት አያውቁህም?» ይልና ወገቡን ይዞ ይስቃል።

እንግዲህ እንዲህ የሚያከብረውን ኩባንያ በአንድ በረራ ይካደው? አባባስ ቢሆን ልጁን ወርቅ ሆኖ ቢያየው አይደሰትም?

ለእህቱ ደወለላት። የዛሬው ሞልቷል አላት።

አልሞላም... ግን የማይል ነገር ለአስታማሚ በስልክ አይብራራም።

እህቱ አመነችው።

«እሺ... እንዲጠብቅህ እነግረዋለሁ።»

ከነገ ወዲያ በረረ። ደረሰም።

ጎማው መዞር ጀመረ... የመጀመሪያዋ ሻንጣ የእሱ አይደለችም።

ሁለተኛዋም አይደለችም።

ሕፃን ያዘለችው እናት የእሷን አንስታ ሄደች። ጊታር የያዘው ወጣትም ሄደ። አዳራሹ ጭር አለ። ጎማው ባዶውን ይዞራል።

ሰውየው ተቆጣ። ይህን ያህል ዘመን ታማኝ የሆነ ደንበኛ እንዲህ ይደረጋል ብሎ ቅሬታ ሊጽፍ ስልኩን አወጣ።

ይሄኔ የጎን በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ሻንጣ አውራጅ ቡናማዋን ሻንጣ በእጁ ይዞ ወጣ። የአባቱ የሥራ ጓደኛ ነው። ከጉልበቱ የተነሳ ክሬን ይሉታል።

«ልጄ... እግዜር ያጥናህ» አለው።

ሰውየው ገብቶታል። አፉ ግን ስለ ሻንጣ አወራ።

«ምንም አይደል፣ ተገኘች እኮ። ሁልጊዜ ቀድማ ነበር የምትወጣው...»

ክሬን ሻንጣዋን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጣት።

«አባትህ ነዋ ልጄ። አንተ ትመጣለህ በተባለ ቀን ፈረቃ ቀይሮ ይገባል። አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያ ሁሉ ሻንጣ ላይ በደረቱ እየተሳበ ያንተን ፈልጎ ያወጣና ጎማው ላይ መጀመሪያ ያስቀምጣታል። ከዚያ ተጣጥቦ ወደ በሩ ይሮጣል። ኧረ ወገብህን ስንለው፣ ልጄ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ ቆሞ አይጠብቅም ይለናል።»

የሻንጣዋን እጀታ ወደ እሱ አዞረለት።

«ትናንት ካረፈ ጀምሮ የእኛ ልጆች በሙሉ እናንተ ቤት ናቸው፤ እኔ ብቻ ነኝ አንተን ልቀበል የመጣሁት። የዛሬውን ያወረዱት ሌሎች ናቸው... አያውቁህም።»

መውጫው በር ላይ የቆመ ንጹሕ ጃኬት አልነበረም።

ቀብሩ አልፎ፣ ቤቱ ሰው ሲቀልበት፣ ስልኩ መልእክት አስገባ።

«ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደስ አለዎ! የወርቅ አባል ሆነዋል። ለታማኝነትዎ እያመሰገንን፣ ከእንግዲህ ሻንጣዎ ከሁሉም ቀድሞ እንደሚወጣ በደስታ እንገልጻለን።»

...

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ማይል አትሰብስቡ የሚል አይደለም። ሰብስቡ። ሰማያዊም ጥሩ ነው፣ ወርቅም ጥሩ ነው።

ብቻ... ኩባንያ አከበረኝ ያላችሁት ነገር፣ ወገቡን እያመመው ያከበራችሁ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የጠራችሁ ቀን በተገኘው አውሮፕላን ሂዱ፤ ማይሉ የትም ይግባ።

እናንተስ... ሳታውቁት ሻንጣችሁን እየተሳበ ሲያወጣላችሁ የኖረው ማነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።

በሕይወት ካለ ግን መጀመሪያ ደውሉለት። ኮሜንቱ ይደርሳል።